ግብ ጠባቂ፣ አሠልጣኝ፣ የክለብ ገንዘብና የወዳጅነት ጨዋታ፦ ለኳስ ክርክር የሚሆን የንጽጽር መመሪያ

በመሀል አዲስ አበባ፣ በስታዲየም ዙሪያ፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በፒያሳ ባሉት ቡና ቤቶችና ዲኤስቲቪ ቤቶች የሚነሡት የኳስ ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም፣ ተጨምቀው ሲታዩ ከአራት አይዘሉም። የትኛው ግብ ጠባቂ ይበልጣል? አሠልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሰናበት? ገንዘቡን በወጉ የያዘው የትኛው ክለብ ነው? ብሔራዊ ቡድናችንስ ከማን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ቢያደርግ ይጠቅመዋል? ክርክሩ ማሰሪያ የሚያጣው አንዱ ዋንጫ፣ ሌላው የዝውውር ዋጋ ሲቆጥር፣ ሦስተኛው ደግሞ ትናንት ማታ ያያትን አንዲት ስሕተት ይዞ ስለሚቀርብ ነው። እንደ እኔ እምነት አራቱንም ጥያቄዎች የሚያገናኛቸው የገንዘብ ነገር ነው። ክለቡ ወይም ፌዴሬሽኑ ምን ያህል ነበረው፣ በዚያስ ለየትኛው ሥራ ማንን አመጣ የሚለው አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ ግብ ጠባቂን ከግብ ጠባቂ፣ አሠልጣኝን ከአሠልጣኝ ማበላለጥ ከስሜት የሚያልፍ ነገር አይሆንም።

ግብ ጠባቂን በምን እንመዝን?

በስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት የአርሰናል ማሊያ የለበሰ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ፣ «ጋሼ፣ ራያ በተከታታይ ሁለት ዓመት የወርቅ ጓንት ወስዷል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?» ሲላቸው፣ ሰውየው ማኪያቷቸውን እያማሰሉ፣ «አንተ ልጅ፣ ሳሊባንና ጋብርኤልን ፊት ለፊቴ ካቆምክልኝ እኔም መረቤን አላስደፍርም» ብለው መለሱለት። ቤቱ ሳቀ፤ ነገር ግን ቀልዱ ከቁጥሩ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር። የአርሰናሉ ግብ ጠባቂ ዳቪድ ራያ እ.ኤ.አ. (ዓ.ም. ያልተባለባቸው የውጭ ኳስ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2023/24 በ16 ጨዋታዎች፣ በ2024/25 ደግሞ ከኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትዝ ሴልስ እኩል በ13 ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር ወጥቶ ሽልማቱን ማግኘቱ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የወርቅ ጓንት የሚቆጥረው ጎል ያልተቆጠረባቸውን ጨዋታዎች እንጂ ግብ ጠባቂው ያዳናቸውን ኳሶች አይደለም። በ90 ደቂቃ አንድ ደካማ ምት ብቻ የመጣበት ሰውና ዘጠኝ ከባድ ምት ያዳነ ሰው በዚህ አቆጣጠር እኩል ናቸው።

የተሻለው መለኪያ ኳሱ ከተመታ በኋላ የሚሰላው የሚጠበቅ ጎል ነው። አሠራሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው፤ ወደ ግብ የተመታው እያንዳንዱ ኳስ ከየት እንደተመታና ወደ የትኛው የግቡ ጥግ እንዳመራ ታይቶ ጎል የመሆን ዕድሉ በቁጥር ይገለጻል፤ የዓመቱ ድምር ደግሞ ግብ ጠባቂው በእርግጥ ካስተናገደው ጎል ጋር ይነጻጸራል። ድምሩ 40 ሆኖ የገባበት ጎል 35 ከሆነ አምስት ጎል አድኗል፤ 45 ከገባበት ደግሞ አምስት ጎል አስገብቷል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ፊቱ ያሉት ተከላካዮች ስም ብዙም ቦታ የለውም። አንድ ወቅት ብቻ አይቶ መፍረድ ግን አደጋ አለው፤ ሦስትና አራት ዓመት ተከታትሎ ማየት ይገባል።

ይህም ቢሆን የሚለካው ኳስ ማዳንን ብቻ ነው። ግብ ጠባቂ ሌሎች ሁለት ሥራዎች አሉበት፤ ከግቡ ወጥቶ የሚሻማ ኳስ መያዝና ኳስ በእግሩ ማደራጀት። የኋላኛው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1992 ከጓደኛ በእግር የተመለሰ ኳስ በእጅ መያዝ ከተከለከለ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ግብ ጠባቂ ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሆኗል። ፔፕ ጋርዲዮላ በ2016 ማንቸስተር ሲቲ እንደገቡ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ቁጥር አንድ የነበረውን ጆ ሃርትን ወደ ጎን አድርገው ክላውዲዮ ብራቮን ያመጡት በእግሩ ስለሚጫወት ነበር፤ ብራቮ ኳስ ማዳን ሲያቅተው በማግስቱ ዓመት ኤደርሰንን ገዙ። አንዱን ሙያ ለማግኘት ሌላውን የሸጠ ክለብ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ዋጋንም ከሙያ ጋር ማምታታት አይገባም። በ2018 ክረምት ሊቨርፑል አሊሰንን ከሮማ ወደ 65 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛ፣ በሳምንታት ውስጥ ቼልሲ ለኬፓ አሪዛባላጋ ከ71 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ የግብ ጠባቂን የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ሊቨርፑል ግብ ጠባቂው ሎሪስ ካሪየስ በኪየቭ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በሠራቸው ስሕተቶች ምክንያት የጎደለበትን በትክክል ያውቅ ነበር፤ ቼልሲ ግን ቲቦ ኩርቱዋን ለሪያል ማድሪድ አሳልፎ በዝውውሩ መዝጊያ ዋዜማ በጥድፊያ የገዛ ነበር። የጥድፊያ ዋጋና የሙያ ዋጋ አንድ ላይ ተደምረው እንደሚከፈሉ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በሌላ በኩል የማንቸስተር ዩናይትዱ አሠልጣኝ ፈርጉሰን በ1991 ግብ ጠባቂውን ፒተር ሽማይክልን ያመጡት በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር።

አንድሬ ኦናናም በዚሁ መነጽር መታየት አለበት። በ2023 ከኢንተር ሚላን ሲመጣ የተፈለገው ለእግሩ ነበር፤ ማንቸስተር ዩናይትድ ግን ከኋላ ኳስ አደራጅቶ የሚወጣ ቡድን ሳይሆን ቆይቶ፣ ግብ ጠባቂው በማይጠቀሙበት ሙያው ተገዝቶ በሚጎድለው ሙያው ሲወቀስ ከረመ። በ2025 በውሰት ወደ ትራብዞንስፖር ሲሄድ በቦታው ወጣቱ ሴነ ላመንስ ከሮያል አንትወርፕ መጣ። ስለዚህ «ኦናና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለት፣ «ለየትኛው ቡድን?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የአገር ልጅ ወይስ የውጭ ግብ ጠባቂ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ከራያና ከኦናና ይልቅ የሚቀርብ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን ለዓመታት፣ ከዚያም ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን አሰልፏል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በግቡ የነበረው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነው፤ መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ ደግሞ የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ። በክለብ ዓይን ሲታይ ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ዘንድሮ ዋንጫ የግድ የሚለው አስተዳደር ልምድ ያለውን ሰው ያመጣል።

ችግሩ ያለው የቦታው ጠባይ ላይ ነው። የውጭ አጥቂ ቢመጣ የአገር ልጁ በክንፍ ወይም ከኋላው ሊሰለፍ ይችላል፤ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላም ተቀይሮ ይገባል። ግብ ጠባቂ ግን አንድ ነው፤ ካልተጎዳ ወይም በቀይ ካርድ ካልወጣ አይቀየርም። ተጠባባቂው ዓመቱን ሙሉ በልምምድ ሜዳ ሲወድቅና ሲነሣ ይከርማል። ልምምድ ደግሞ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አጥቂ ብቻውን አምልጦ ሲመጣ መውጣት ወይም መቆየት የሚለውን በሰከንድ ክፍልፋይ መወሰን ነው።

ዋጋው በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ታየ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በኔልስፕሩይት ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ፣ ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ኬነዲ ምዊኔ አዳነበት። ጥቂት ቆይቶም ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ ቺሳምባ ሉንጉን በአደገኛ ሁኔታ በመምታቱ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ገባ፤ ዛምቢያ ብትመራም በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየን። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲሳይ ባንጫ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቶ ሲወጣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ግቡ መሀል ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሁለት ግብ ጠባቂዎች በቀይ ካርድ የወጡት ከኳስ ማዳን ጉድለት የተነሣ አልነበረም፤ ሁለቱም ካርዶች የመጡት ወደ ግብ የሚገሰግስ አጥቂን በመጋፈጥ ውሳኔ ላይ ነው። ያ ውሳኔ ደግሞ በጨዋታ ብዛት ብቻ የሚበስል ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ምርጫ እንዲህ ያለ ነው። በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍና ዘንድሮ ውጤት የሚጠበቅበት ክለብ የውጭ ግብ ጠባቂ ቢያስፈርም አልቃወመውም፤ ነገር ግን ከውሉ ጋር የአገር ልጁን ተጠባባቂ ወደ ሌላ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በውሰት መላክ አለበት። በሰንጠረዡ ወገብ ላይ ለሚኖር ክለብ ግን የውጭ ግብ ጠባቂ ትርፉ አይታየኝም። ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ በአርሰናል ቤት አሥር ዓመት ያህል በውሰት ሲንከራተት ኖሮ፣ በርንድ ሌኖ በ2020 በብራይተን ሜዳ ሲጎዳ ነው ተከታታይ ጨዋታ ያገኘው። በዚያው ዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለአስቶን ቪላ ተሸጠ፤ በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ123ኛው ደቂቃ ኮሎ ሙዋኒ የመታውን ኳስ በግራ እግሩ መልሶ አርጀንቲናን አተረፈ። ከሌኖ ጉዳት በፊትም ሙያው ነበረው፤ የጎደለው ደቂቃ ነበር።

የክለብ ገንዘብ፦ መጠኑ ሳይሆን ምንጩና አወጣጡ

ደጋፊ ስለ ገንዘብ ሲከራከር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የዝውውር ዋጋን ነው። የሒሳብ መዝገቡ ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። አንድ ክለብ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ በየዓመቱ ወጪ ሆኖ የሚመዘገበው 20 ሚሊዮን ነው፤ ውሉ ስምንት ዓመት ቢሆን 12 ሚሊዮን ተኩል ይሆናል። ቼልሲ እንደ ኤንዞ ፈርናንዴዝና ሚካይሎ ሙድሪክ ያሉትን በስምንት ዓመት ተኩል ውል ያሰረው ለዚህ ነበር፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም በ2023 ስሌቱን በአምስት ዓመት ገደበው። በአንጻሩ በክለቡ ያደገ ልጅ በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ፣ ሲሸጥ ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ነው። ሜሰን ማውንትና ኮነር ጋላገር ሲሸጡ «የራሳቸውን ልጅ እንዴት ይሸጣሉ?» ብለው ለተቆጡ የቼልሲ ደጋፊዎች መልሱ ከሜዳው ይልቅ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። በእኔ ግምት ግን ሕጉ ራሱ ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን እንዲሸጡ የሚገፋ መሆኑ ጉድለቱ ነው።

ሕጉን አለማክበርም ዋጋ አለው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር የተደነገገውን በመጣሱ፣ ኤቨርተን በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ቢልለትም በዚያው የውድድር ዘመን ሌላ 2 ነጥብ ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ አጣ። በአውሮፓ ውድድር ደግሞ ለደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚወጣው ከገቢው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ዕዳ ያለበት ክለብ ሁሉ ግን በመጥፎ ሁኔታ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት ዕዳዎችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ግሌዘሮች በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዙ ከገንዘቡ ብዙውን የተበደሩት በክለቡ ስም ነበርና፣ ክለቡ የተገዛበትን ዕዳ ራሱ ሲከፍል ኖረ። አርሰናልም በ2006 ለተከፈተው ኤምሬትስ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲያወጣ ዕዳ ውስጥ ገብቷል፤ ፋብሪጋስን፣ ናስሪንና ቫን ፐርሲን የሸጠባቸው ዓመታትም ለደጋፊው መራራ ነበሩ። ሆኖም በሃይበሪ 38 ሺህ ሰው ይይዝ የነበረው ክለብ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ቀረው። አንዱ ዕዳ ንብረት ትቶ አለፈ፤ ሌላው ባለቤት ብቻ ቀይሮ ቀረ። የክለብን ገንዘብ ስታነጻጽሩ «ስንት ዕዳ አለበት?» ከማለታችሁ በፊት «ዕዳው ምን ገዛ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ክለቦቻችን በገንዘብ ምንጫቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እንደ አዳማ ከተማ፣ ሀዋሳ ከተማና ባህር ዳር ከተማ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩት ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ እንደ ንግድ ባንክ፣ መድንና መቻል ከጀርባቸው ትልቅ ተቋም ያላቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ በአራዳ በ1928 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና በ1968 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊና በስፖንሰር ላይ የቆሙት ናቸው። የ2016 ዓ.ም. ዋንጫ ወደ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ መድን መሄዱ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሁለቱም ህልውናቸው በመግቢያ ቲኬት ላይ ያልተመሠረተ ክለቦች ናቸው። ተቋም ያለው ክለብ ደመወዙ አይዘገይም፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ቦርድ በጀቱን ያጠፈ ቀን ክለቡም አብሮ ይታጠፋል፤ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት አቋቁመዋቸው ዛሬ ስማቸው ብቻ የቀረ ክለቦችን የሚያስታውስ የስታዲየም ሰው ሞልቷል። የከተማ በጀት ደግሞ ከምክር ቤት ወደ ምክር ቤት ይለዋወጣል። ደጋፊ ያለው ክለብ ቢደኸይ እንኳ አይፈርስም፤ ለረጅም ዘመን ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

በዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታ በዲኤስቲቪ መተላለፉ ለሊጉ ከዚያ በፊት ያልነበረ ገቢ አምጥቷል፤ የአማርኛ ትንተናውም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ውድድሩ ለሥርጭት እንዲመች ክለቦችን ሁሉ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ በዙር መካሄዱ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘግቶ መቆየቱ፣ የሸገር ደርቢን የመሰለ ጨዋታ ከባለቤቱ ከተማ አርቆታል። የቡናና የጊዮርጊስ ሀብት ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ስታዲየም የሚሞላው ሕዝብ ነበር። በቴሌቪዥን የመጣው ገንዘብ ለሁሉም ክለብ ሲዳረስ፣ በሜዳ የጠፋው ገንዘብ ግን የጎዳው እነዚህን ሁለቱን ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን መወሰኑም ወጪውን ለመግታት የታሰበ ነበር፤ የክለቦች ሒሳብ በይፋ ካልተመረመረ ግን ጣሪያ ብቻውን ቤት አይሆንም።

አሠልጣኝ፦ ማቆየት ወይስ ማሰናበት?

የማቆየት ወገን ሁልጊዜ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን ይጠቅሳል፤ እሳቸው በኅዳር 1986 ማንቸስተር ዩናይትድ ገብተው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሡት በ1990 ነበር። የአርሰናል ደጋፊም ሚኬል አርቴታ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስምንተኛ ከወጡ፣ በ2021/22ም የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎችን ከተሸነፉ በኋላ ተከታታይ ሦስት ዓመት ሁለተኛ መሆናቸውን ያነሣል። ጊዜ ተሰጥቷቸው ምንም ያልፈየዱ አሠልጣኞች ግን ስለሚረሱ በምሳሌነት አይጠሩም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ራሱን የቻለ በጎነት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሚዛኑ በደመወዝ ደረጃና በሰንጠረዥ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በደመወዝ ወጪ ከሊጉ አሥረኛ የሆነ ክለብ ሰባተኛ ከወጣ፣ ደጋፊው ቢያጉረመርምም አሠልጣኙ ሥራውን ሠርቷል። በወጪ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024/25 በሩበን አሞሪም ሥር 15ኛ ሲወጣ ግን ሰበቡ ምንም ይሁን ምን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቶተንሃም በዚያው ዓመት 17ኛ ወጥቶ ዩናይትድን በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አንጄ ፖስቴኮግሉም ዋንጫውን ይዘው ተሰናበቱ። በዚህ መለኪያ ስንብቱ ያስኬዳል፤ ከዋንጫ ማግስት መሆኑ ግን አንጀት ይበላል። የማሰናበት ወጪም መታሰብ አለበት፤ ቼልሲ ግራሃም ፖተርን ከብራይተን ለማምጣት ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከፍሎ ከሰባት ወር በኋላ አሰናበታቸው።

በአገር ቤት አሠልጣኝን ከበጀት ለይቶ ለማየት የሚያስችለው የገብረመድኅን ኃይሌ መንገድ ነው። ጅማ አባ ጅፋርን በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011፣ መድንን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን አድርገዋል። አቅማቸውና ባለቤታቸው የተለያየ ሦስት ክለቦች በአንድ ሰው እጅ ዋንጫ ሲያነሡ ድርሻው የማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ለብሔራዊ ቡድን የአገር ውስጥ ወይስ የውጭ አሠልጣኝ የሚለው ክርክር ደግሞ በታሪክ በኩል ያጋደለ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣነው በይድነቃቸው ተሰማ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ሰውነት ቢሻው፣ በ2014 ዓ.ም. ውበቱ አባተ ወደ ውድድሩ መልሰውናል። ኢፊ ኦኑራ፣ ቶም ሴንትፊትና ማሪያኖ ባሬቶ ከውጭ መጥተው አንዳቸውም ሁለት ዓመት አልሞሉም፤ ስለሆነም የውጭ አሠልጣኝ አይጠቅመንም ለማለት በቂ ሙከራ አድርገናል ማለት አይቻልም። ምርጫው በእጄ ቢሆን ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለውን የዋና አሠልጣኝ ደመወዝ ለአንድ ብቁ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ አውለው ነበር፤ ዋናውን ቦታ የአገር ሰው ይያዘው።

የወዳጅነት ጨዋታ፦ ከማን ጋር፣ ለምን?

ብዙ ሰው ጠንካራ ቡድን ገጥመን ብንሸነፍ በፊፋ ደረጃ እንጎዳለን ብሎ ይሰጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ቀመር ግን ስጋቱ መሠረት የለውም። በፊፋ የጨዋታ መስኮት፣ ማለትም ለብሔራዊ ቡድኖች በተለየው ጊዜ፣ ውስጥ የሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ክብደቱ 10፣ ከመስኮቱ ውጭ 5 ሲሆን፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 25 ነው። በ300 ነጥብ ከሚበልጠን ቡድን ጋር በመስኮቱ ውስጥ ተጫውተን ብንሸነፍ የምናጣው 2.4 ነጥብ ብቻ ነው፤ አቻ ብንወጣ 2.6፣ ብናሸንፍ 7.6 ነጥብ እናገኛለን። ከእኩያችን ጋር ተጫውተን ብንሸነፍ ግን 5 ነጥብ እናጣለን። ደካማ ቡድን መርጦ ማሸነፍ ለጋዜጣ ርዕስ ካልሆነ በስተቀር ብዙ አያተርፍም።

ሌላው ምርጫ የቦታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዋልያዎቹ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከጉያና ጋር ተጫውተዋል፤ እንዲህ ያለው ጉዞ ከሜዳ ይልቅ በውጭ የሚኖረውን ወገን ለማግኘትና ስፖንሰር ለመሳብ ይጠቅማል፤ ይህም ነውር የለውም፤ ለማጣሪያ ዝግጅት ነው ተብሎ ባይነገር ግን ጥሩ ነው። በእኛ ሁኔታ ትልቁ ጉዳት የራሳችን ሜዳ ማጣት ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ተብሎ በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ለማጣሪያ ጨዋታ ሜዳ ከሰው አገር ፍለጋ የሚወጣው ገንዘብ ለወዳጅነት ጨዋታ ሊውል የሚችለውን በጀት ይበላል።

ክለቦች ተጫዋች ይጎዳብናል ብለው የሚያጉረመርሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምንም እንኳ ፊፋ በብሔራዊ ቡድን ግዳጅ ላይ ለተጎዳ ተጫዋች ከ28 ቀን በኋላ ያለውን ደመወዝ እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚሸፍን መድን ቢኖረውም። ጉዳቱን ለመሸሽ ሲባል ግን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ሊቀር አይገባም። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ አሠልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ከአውስትራሊያ ጋር በእረፍት 11ዱንም ተጫዋቾች ቀይረው 3 ለ 1 ሲሸነፉ፣ ከሁለቱ ግማሾች ማንም ስለ ማንም የተማረው ነገር አልነበረም፤ በተከታዩ ዓመትም ቅያሪው በስድስት ተገደበ።

ከላይ ስለ ግብ ጠባቂዎቻችን የተነሣው እጥረት በከፊል የሚሟላው እዚህ ነው። በክለቡ ከውጭ ዜጋ ጀርባ ተቀምጦ የከረመ ግብ ጠባቂ ከባድ አጥቂ የሚያይበት ሌላ መድረክ የለውም። በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ሲገኝ፣ የመጀመሪያውን ዋናው ግብ ጠባቂ፣ ሁለተኛውን ተጠባባቂው ሙሉ 90 ደቂቃ ይሰለፍበት፤ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ለስም ያህል አይሰጡት። ተጋጣሚውም ከፍ ብሎ ጫና የሚፈጥር፣ ከተከላካይ ጀርባ ፈጥኖ የሚገባ አጥቂ ያለው ይሁን፤ ቢሸነፍ የሚጠፋው 2.4 ነጥብ ነው።